ከኢብን ሲና እስከ ኪኒን፦ የባት መሸማቀቅና መድኃኒቱ

በዛሬው ዝግጅታችን የብዙዎችን እንቅልፍ የሚነሳ የአንድ ችግር ታሪክ እናነሳለን። እሱም ሌሊት በድንገት ባትን ጨምድዶ የሚይዘው የጡንቻ መሸማቀቅ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶች፣ ነፍሰ ጡር እህቶችም በደንብ ያውቁታል። ለተሸሁድ እንደተቀመጡ የሚይዛቸውም አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለበሽታ መድኃኒት እንድንፈልግ አስተምረውናል። ስለዚህ ሰዎች ለዚህ ችግር ምን ሲሞክሩ እንደኖሩና ከተሞከረው የትኛው እንደጸና ማወቁ ይጠቅመናል።

መሙላትና መድረቅ

በ428 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1037) ያረፉት ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና «አል-ቃኑን ፊ ጢብ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ስለ መሸማቀቅ በስፋት ጽፈዋል። የጥንት ግሪካውያን ሐኪሞችን ፈለግ ተከትለው በመሙላት የሚመጣና በመድረቅ የሚመጣ ብለው ለይተውታል። መጽሐፉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ለብዙ ዘመናት የሕክምና መማሪያ ሆኗል።

ከሰውነት የሚወጣ ነገር ጡንቻን ያሸማቅቃል የሚለው ሐሳብ ከዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች በሌላ መልክ ታየ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ በሙቀት እያላባቸው ብዙ ውኃ ቢጠጡም ጡንቻቸው ይሸማቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ኔቪል ሞስ የተባሉ ተመራማሪ ምክንያቱን አስረዱ፦ ላብ ውኃን ብቻ ሳይሆን ጨውንም ይዞ ይወጣል፤ ባዶ ውኃ ደግሞ ጨውን አይተካም። በሚጠጡት ውኃ ላይ ጥቂት ጨው ሲጨመር ችግሩ ቀለለላቸው። ይህ ግን በሙቀት ውስጥ ለሚለፋ ሰው የሚሆን ነው። በአልጋው ላይ ተኝቶ ባቱን የሚይዘው ሰው፣ በተለይም የደም ግፊት ያለበት፣ ጨው ቢያበዛ ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም።

የኪኒን ታሪክ

ዛሬ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» እንለዋለን። ቃሉ የመጣው ከኩዊኒን ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ፔልቲዬና ካቫንቱ፣ ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ለይተው ያወጡት የወባ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 አሜሪካውያን ሐኪሞች ለሌሊት የእግር መሸማቀቅም እንደሚረዳ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ማታ ማታ መዋጥ ጀመረ።

መሸማቀቁን በመጠኑ መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን አንዳንዶችን የደም መርጊያ ሕዋሳቸውን እስከ ማሳጣትና የልብ ምታቸውን እስከ ማዛባት አደረሰ፤ የሞቱም አሉ። ስለዚህ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ለዚህ ችግር ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ወሰነ። በ2006 ደግሞ ጨርሶ ለዚህ ዓላማ እንዳይውል አስጠነቀቀ። ባት ቢያም በሕይወት ላይ አደጋ አይጥልም፤ ለእርሱ ተብሎ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ተገቢ አይደለም። ማግኒዚየምም ቢሆን በአረጋውያን ላይ ተፈትኖ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም።

በቤት ያለው መፍትሔ

እ.ኤ.አ. በ2012 በኔዘርላንድ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ 80 ሰዎችን ተከታተለ። ለስድስት ሳምንት ሁልጊዜ ከመኝታ በፊት ባታቸውንና የጭናቸውን የኋላ ጡንቻ የሳቡት ሰዎች መሸማቀቁ ቀነሰላቸው። ገንዘብም ማዘዣም አይጠይቅም። ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ በእጅ ተደግፎ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርጎ ተረከዝን ከመሬት ሳያነሱ ወደ ፊት ማዘንበል ነው። አሥር ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሦስት ጊዜ መደጋገም፣ ከዚያም እግር መቀየር ይቻላል። በድንገት ከያዘ ደግሞ እግርን ዘርግቶ ጣቶቹን ወደ ራስ መሳብና ባትን ማሸት ያፍታታል።

«ሶላት የምንሰግድ ስለሆንን ይህ አያስፈልገንም» የሚሉ አሉ። ሶላት ዒባዳ ነው፤ ለጡንቻ ሕክምና ተብሎ አልተደነገገም። በሶላት ላይ ባቱ የተያዘበት ሰውም እንደሚመቸው ይቀመጥ፤ ዲናችን ገር ነው።

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የስኳር ሕመምተኞችና ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም መሸማቀቁ ከበዛባቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ። ለጎረቤት የታዘዘን ኪኒን ተቀብሎ መዋጥ ግን መተው ያለበት ልማድ ነው። ሰውነታችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነውና እንጠብቀው።

አላህ (ሱ.ወ) ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን።