ከተራራ የወረደው ገበያ፦ ከጁገል እስከ ቀፊራ

ድሬዳዋ ተምሮ ቀፊራን የማያውቅ ተመራቂ የለም። ፍራሹም፣ ባልዲውም፣ ለሙቀቱ የምንታጠቀው ሽርጥም ከዚያው ነው የተገዛው። ዘመድ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ሊጠይቀን መጥቶ «እስቲ ታሪካዊ ቦታ አሳዩኝ» ሲለን ግን ቀፊራን ማን ያስባል? ሚኒባስ ውስጥ አስገብተን ወደ ሐረር ነው የምንልከው። ሐረር ታሪክ፣ ድሬ ሸቀጥ፤ ነገሩ እንዲህ ተከፋፍሎ ቆይቷል።

ለዚህ የመገናኛ መጽሔታችን ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ የያዝኩት ሐሳብ አንድ ነው። በጁገል ግንብ ውስጥ ያለው የድሮ ገበያና ከደቻቱ ማዶ ያለው የእኛው መጋላ ሁለት ታሪክ አይደሉም። ከተራራ ወደ ሜዳ የወረደ አንድ ገበያ ናቸው። የላይኛው ክፍል በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ይጠበቃል። የታችኛው ግን በአብዛኛው ያለው በሰው አፍ ላይ ነው፤ ሰው ደግሞ ያልፋል።

ከስሙ እንጀምር። በሐረሪ ቋንቋ «መጋላ» ማለት ገበያ ነው። በሶማሊኛና በኦሮምኛ ደግሞ ያው ቃል ከተማን ይጠራል። ቋንቋዎቹ ተመካክረው ያደረጉት ይመስል፣ በዚህ አገር ገበያና ከተማ በአንድ ቃል ይጠራሉ። ሐረር ፈረስ መጋላና ጊድር መጋላ አላት፤ ድሬ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ያለውን ትልቁን ሰፈሯን መጋላ ብላዋለች።

ሐረርን በግንብ ያጠረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው አሚር ኑር ነው። ግንቡ ከጦር ብቻ አልነበረም የሚጠብቀው። አምስቱ በሮች ከየአቅጣጫው የሚመጣው ነጋዴ የሚታይባቸው፣ ቀረጥ የሚከፈልባቸው፣ ማታ የሚዘጉ ኬላዎች ነበሩ። ከተማዋ በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ሳንቲም ታወጣ ነበር። የባሕር በሯ ዘይላ ነበረች፤ ዘይላ ደግሞ ቢያንስ በስም የኦቶማን ሱልጣን ይዞታ ነበረች። ስለዚህ የሐረር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ጨርቅና ተምር ወደ ላይ ሲወጣ፣ የኦቶማን ዓለም በጓሮ በር ገብቶ ይወጣ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር ሲገባ ግን ከተማዋ ለአውሮፓ ሰው ዝግ ነበረች።

በ1867 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሱልጣኑ ዘይላን በዓመት 15,000 ፓውንድ ግብር ለግብፁ ገዢ ለከዲቭ እስማኤል ለቀቀለት። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ራኡፍ ፓሻ ጦሩን ይዞ ሐረር ገባ። ግብፅ ራሷ በሱልጣኑ ስም የምትተዳደር ስለነበረች፣ ሐረር ለ10 ዓመት ያህል በወረቀት ላይ የኦቶማን ግዛት ዳርቻ ሆነች ማለት ነው።

ዘመኑ ለአገሬው ሰው የደስታ ዘመን አልነበረም። አሚር መሐመድ ተገደለ፤ በዙሪያው ያለው የኦሮሞ ገበሬም ጦርና ግብር ወረደበት። ገበያውን በተመለከተ ግን አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ፤ በሩ ለውጭ ነጋዴ ተከፈተ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ ፈረንሳዩ ገባ። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር የመጣው ግጥም ሊጽፍ አይደለም፤ ለአንድ የኤደን ንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ዛሬ «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ያማረ የእንጨት ፎቅ ቤት አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ራምቦ አልኖረበትም። አስጎብኚው ይህን ሲናገር አብረውኝ የነበሩት ጎብኚዎች ቅር ሲላቸው አይቻለሁ። እኔን ግን ደስ አለኝ። የገበያውን ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ከገጣሚው ይልቅ የሕንዱ ነጋዴ ቤት ይበልጥበታል።

ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ለቀው ወጡ። አሚር አብዱላሂ ለአጭር ጊዜ ገዛ። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ንጉሥ ምኒልክ ከተማዋን ያዙ፤ በኋላ ራስ የተባሉት መኮንንም ተሾሙባት። ቁጠሩት፤ 12 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራት አገዛዝ። ንግዱ በየመሃሉ ቢዳከምም ገበያው ከቦታው አልተነሳም።

ይህን ይዞ ነው እንግዲህ ጁገልን በእግር ማየት። እኔ የሄድኩት ቅዳሜ ቀን ነው። ከድሬ ሙቀት ተነሥታችሁ ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ይለወጣል፤ ከ1,200 ሜትር ከፍታ ወደ 1,900 ገደማ ነው የምትወጡት። የአወዳይን የጫት ግርግር አልፌ፣ በሐረር በር ገብቼ፣ ቀጥታውን መንገድ ይዤ ፈረስ መጋላ ደረስኩ። ፈረስ የለም፤ ባጃጅና አሮጌ ፔጆ ነው ያለው። ከአደባባዩ ቁልቁል የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙ የወጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተደርድረዋል፤ ጨርቁን ከአንዱ ገዝታችሁ፣ አጠገቡ ላለው ሰጥታችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ልብሱ ደርሷል። ጊድር መጋላ ስትደርሱ ቅመሙ፣ ቡናው፣ አትክልቱ አለ። ከሥጋ ተራው ወጥቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ ዘንቢሉን ደህና አድርጎ ይሸፍናል፤ ጭልፊት ትነጥቀዋለች!

እዚያ ቅመም ስገዛ ሻጯ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤቷ ጋር በሐረሪ፣ ቃሪያ ይዛ ከመጣችው ገበሬ ጋር በኦሮምኛ፣ በስልክ ደግሞ በሶማሊኛ አወራች። ይህ ሁሉ ግማሽ ኪሎ እርድ እስኪመዘንልኝ ድረስ ነው። ማንም ዞር ብሎ አላያትም፤ እዚያ ሥራ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ገበያ እንዴት ወደ ሜዳ ወረደ? ከዘይላ ወደ ሐረር የሚመጣው ቅፍለት ከተራራው ሥር ጊልዴሳ ላይ ያርፍ ነበር፤ ቦታዋ ከዛሬው ድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ነበር የመጀመሪያው ሐሳብ። ተራራውን መውጣት ግን ድካሙም ወጪውም የሚቻል አልሆነም። ሐዲዱ በሜዳው አለፈ፤ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደቻቱ ዳር ቆመ። ለአዲሱ ጣቢያም «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ አልጸናም፤ ሐሳቡ ግን ጸና። ጊልዴሳ ተረሳች፤ የሐረር ነጋዴም የሱቁን ግማሽ ይዞ ወደ ሙቀቱ ወረደ። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ፣ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ፣ የድሬዳዋ ገበያ ዋናው የአገሪቱ የባቡር ደጃፍ ሆኖ ኖረ።

ፈረንሳዮቹ መሐንዲሶች ከዚራን በመስመር ቀየሱት፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ በግራና በቀኝ። ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ እንደ ጁገል በጠባብና ጠማማ መንገድ አደገ። እዚያ የሰፈረውን ሰው ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው የአገሩ ሰው ነው። የመኑ፣ ሶርያው፣ አርመኑ ግን ከየት መጣ? የሆዴይዳና የሰንዓ አገር እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ በኦቶማን እጅ ነበር፤ ሶርያና ሊባኖስም እንዲሁ። ከዚያ የመጣው ነጋዴ በወረቀቱ ላይ የኦቶማን ተገዢ ነበር። ኦቶማኖችም ከዚያው ጦርነት በፊት ሐረር ላይ ቆንስላ እስከ መክፈት ደርሰዋል። በአዲስ አበባ «የሰርኪስ ባቡር» የተባለውን የመንገድ መዳመጫ ያስመጣው አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያንም የንግድ ሕይወቱን የጀመረው ሐረር ነው። የእንግሊዝ ተገዢ ከነበሩት ሕንዶች ደግሞ ሙሐመድ አሊ ኩባንያ በሐረርም፣ በድሬዳዋም፣ በአዲስ አበባም ሱቅ ነበረው፤ ያስወጣው የጣሊያን ወረራ ነው።

እንግዲህ የኦቶማን ዘመን የድሮ ገበያ ለማየት ኢስታንቡል ወይም ሳራዬቮ ወይም ሐለብ መሄድ ግድ አይደለም። እዚያ ሱልጣኑና ሹማምንቱ በድንጋይ ሠርተው አቆሙት። እኛ ዘንድ ነጋዴው በጓዙ ውስጥ ይዞት መጣ። ሸቀጡ በየተራው ይከፈላል፤ መስጂዱ ከሱቁ አጠገብ ነው፤ ድርድሩ በቡና ወይም በሻይ ይጀመራል፤ ዱቤው በሰው ዋስትና ይሰጣል። የቀፊራ ቅስት በሮች ለፎቶ ያምራሉ፤ የገበያው ዕድሜ ግን ይበልጥ የሚታየው በዚህ ልማድ ውስጥ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ መጋላ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ናቸው። አያታቸው ከሆዴይዳ በጀልባ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር ድሬ ገቡ። «ሐጂ፣ ከዚያ ዘመን የቀረ ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከመደርደሪያው ጫፍ በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ደብተር አወረዱ። የዱቤ መዝገብ ነው፤ በዐረብ ፊደል የተጻፈ፣ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው። እየተረጎሙልኝ ጥቂት ገጽ አነበቡ። ስም አለ፣ የጨርቁ ዓይነት አለ፣ ክንዱ አለ፣ ዕዳው አለ። አንዳንዱ ተበዳሪ የተጻፈው በስሙ አይደለም፤ «የግመሉ ባለቤት፣ ባለ ጠባሳው» ተብሎ ነው። የከፈለው ተሰርዟል። ያልከፈለውም አለ፤ «አላህ ይፍታው» ብለው ሳቁ።

«ከእርስዎ በኋላስ ማን ያስቀምጠዋል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ልጆቼ ካናዳ ናቸው። ይሄን ፊደል አያነቡም። ሱቁን የሚገዛው ሰው መደርደሪያውን እንጂ ደብተሩን አይፈልግም።»

ከዚህ ንግግር በኋላ ብዙ አሰብኩ። በዚህ ከተማ የሰው አኗኗር፣ የጨርቅ ዋጋ፣ የአምስት ስድስት ቋንቋ ሰው እርስ በርሱ እንዴት ይተማመን እንደነበር የተጻፈበት ሰነድ፣ ከአንድ አሮጌ መደርደሪያ ጋር ሊጣል ነው። እንዲህ ያለ ደብተር ያለው ሱቅ ደግሞ እሳቸው ጋ ብቻ ይሆናል ብዬ አላምንም።

አንድ ወር ላስታውሳችሁ፤ ሐምሌ 1998 ዓ.ም.። በዚያ ወር መጀመሪያ ዩኔስኮ ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በዚያው ወር መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ድሬዳዋን መታ፤ ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ በወንዙ ዳር የነበረው ቤትና ንግድ ተጠረገ። የላይኛው ገበያ ስሙ በዓለም መዝገብ በገባበት ወር፣ የታችኛው የቤተሰብ ፎቶውን፣ ውሉንና ደብተሩን ለውኃ ሰጠ። የዩኒቨርሲቲያችን የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1999 ዓ.ም. ሲገቡ የጎርፉ ምልክት ገና ግድግዳ ላይ ነበር። ከእናንተ መካከል ያያችሁት አላችሁ።

አሁን ደግሞ ገበያው ሌላ ጉዞ ላይ ነው። የድሮው ባቡር እንደ ቀድሞው አይሠራም፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ ነፃ የንግድ ቀጠናም ተቋቁሟል። ይህ መልካም ነው፤ ድሬ በንግድ ተወልዳ በንግድ ነው የምትኖረው። ጊልዴሳ ግን አንድ ነገር ታስተምረናለች፤ መንገዱ ሲዞር ገበያው አብሮ ይሄዳል፤ ያልተጻፈው ትዝታ ደግሞ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ለዚህ ዓመት ስብሰባችን የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። የታሪክ ትምህርት ክፍል እያንዳንዱን የመመረቂያ ዓመት ተማሪ ከአንድ የመጋላ ወይም የቀፊራ ሱቅ ጋር ያገናኝ። ተማሪው ባለሱቁን አስፈቅዶ ታሪኩን ይቅረጽ፤ ደብተር ካለ ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሣና ደብተሩን ለባለቤቱ ይመልስ። ዐረብኛ የሚያነቡ መምህራን ያግዙ። የአርክቴክቸር ሰዎች ቅስቱን፣ በሩንና መስኮቱን ለክተው በወረቀት ያስቀምጡ። በውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ እዚያ የድሬ ልጅ ታገኛላችሁ፤ አያቱ ምን ይሸጡ እንደነበር ጠይቁት፤ ፎቶ ካለው ቅጂውን ላኩ። ቤተ መጻሕፍታችን አንድ መደርደሪያ ቢሰጠን ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

ለስብሰባው የምትመጡም አንድ ሙሉ ቀን መድቡ። ጠዋት ጁገል፣ ከሰዓት በኋላ መጋላ፤ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ ነጋዴውም የመጣው በዚያው አቅጣጫ ነውና። ጫማችሁ ምቹ ይሁን፤ ለዋጋ ድርድርም ጊዜ ያዙ። ከተደራደራችሁ በኋላ ባለሱቁን «ይሄ ሱቅ ከማን ወረሳችሁት?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ጻፉት።