ከእንሰት ሥር የሚጓዘው መንገደኛ

ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን እንደላከው የማያውቅ የለም። ትምህርቱ ግን ዘወትር ስለ ትጋት ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ሲነገረን ኖሯል። በጌዴኦ ምድር ወደ ጉንዳን የሄዱ ሰዎች ከዚህ ሌላም ነገር ተምረዋል፤ ትንሽ ፍጡር እንዴት እንደሚስፋፋ፣ መንገዱንም ማን እንደሚጠርግለት።

የታሪኩ መነሻ ወናጎ ናት። ከዲላ ተነስቶ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚጓዝ ሰው ወናጎን ሲያልፍ የሚያየው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ ከቡናው በላይ ደግሞ ትልልቅ ጥላ ዛፎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የነፍሳት ተመራማሪው ጸደቀ አባተ በዚሁ አካባቢ በእንሰት ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር አንድ ተባይ መዘገበ። ነጭ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል፣ በጣት ሲነኩት የሚፈርጥ ትንሽ ነገር ነው። ዱቄት ለበስ እንበለው።

ይህ ተባይ የራሱን የሳይንስ ስም ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዊሊያምስ እና ማቲል ፌሬሮ የተባሉ ሁለት ጠበብት አዲስ ዝርያ መሆኑን አረጋግጠው “ካታዬኖኮከስ እንሰቴ” አሉት። በወናጎና በስሙ መካከል አሥራ አንድ ዓመት አለፈ ማለት ነው። እንሰቱ ግን ስም እስኪወጣለት አልጠበቀም። የተጠቃ እንሰት ቀስ እያለ ይጫጫል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ሥሩ ስለሚያልቅ ለወትሮው ጠንካራ ሰው የሚታገለው ተክል በትንሽ ጉልበት ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል። አብዝቶ የሚጎዳው ገና ወጣቱን ነው። እንሰት ደግሞ በአንድ ክረምት ተዘርቶ በአንድ በጋ የሚታጨድ አይደለም፤ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይጠበቃል። ወጣት እንሰት የሞተበት ቤተሰብ ያጣው የወደፊት ዓመታት ቀለቡን ነው።

ለመሆኑ ጉንዳን እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ዱቄት ለበሱ ከሥሩ የሚመጠው ፈሳሽ ስኳር ይበዛበታል። የተረፈውን ጣፋጭ ውሃ አድርጎ ያስወጣዋል። ጉንዳን የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጉንዳን እረኛ፣ ተባዩም ላም ይሆናሉ። እረኛው ላሟን ከጠላት ይጠብቃል፤ ሣሩ ሲያልቅባት ወደ ሌላ መስክ ይወስዳታል። ዱቄት ለበሱ በራሱ ጉልበት ብዙ ርቀት የሚሄድ ፍጡር አይደለም። ከአንዱ እንሰት ሥር ወደ ሌላው ለመሻገር ተሸካሚ ያስፈልገዋል፤ ከተሸካሚዎቹም አንዱ ጉንዳን ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚታወቀው ከወንበር ላይ ሆኖ አይደለም። የመስክ ቴክኒሻኑ እንሰት ይነቅላል፤ ሥሩን አፈር እያራገፈ ተባዩን አንድ ሁለት ብሎ ይቆጥራል። ጉንዳኑን በአፍ በሚሳብ ቱቦ ያጠምድና አልኮል ባለበት ብልቃጥ ይጨምረዋል። ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ይጽፋል፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ስለሚሟሟ ነው። ላቦራቶሪ ሲመለስ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ እግር፣ አንቴናና ወገብ ያነጻጽራል። ጽሑፉ ሲታተም የዚህ ሰው ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ ከተገኘም፣ በመጨረሻው የምስጋና አንቀጽ ላይ ነው።

የእርሻውን ጉዳይ በስፋት የመረመሩት ተመስገን አዲስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 የተባዩን ስርጭት የሚያሳይ ጥናት አሳትመዋል። ከእነዚህ ቆጠራዎች የወጣው ትልቁ ቁም ነገር ግን ጉንዳንን ብቻ የሚከስስ አይደለም። ተባዩን ከመንደር መንደር የሚያደርሰው የተበከለ ችግኝ ነው። እንሰት የሚራባው አሚቾው መሬት ውስጥ ተቀብሮ ከሚያወጣቸው ችግኞች ነው፤ ችግኙም ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ደጋግሞ ይዛወራል፤ ይሸጣል፤ ለዘመድ ይሰጣል። ጉንዳን ተባዩን ከሥር ወደ ሥር ካሻገረ፣ ሰው ከወረዳ ወደ ወረዳ ያሻግረዋል። የትብብርና የመረዳዳት ባህል የሆነው ችግኝ መስጠት ሳይታወቅ የተባይ መጓጓዣ ሆነ።

ታደሰ ኪፔ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት በርዕሱ የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነትን ሲያነሳ በጥያቄ ምልክት ነበር ያነሳው። ያ የጥያቄ ምልክት በእንሰት ሥርም ሊነበብ ይችላል።

ጉንዳን ራሱ ወራሪ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የደቡብ አሜሪካው የአርጀንቲና ጉንዳን ከሰው ጭነት ጋር ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ከጣሊያን እስከ ስፔን የአትላንቲክ ዳርቻ 6000 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ አንድ ግዙፍ ማኅበር መሥርቶ እንደሚኖር አሳይቷል። የዚህ ማኅበር ጉንዳን ሌላ ጎጆ ሲገባ እንደ ጠላት አይታይም።

የእኛም አገር ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በባሕር ዳር አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ነፍሳት የሚያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያዊው ዓለማየሁ ዋሴ፣ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለ ጉንዳን እጅግ በዝቶ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ አንደኛው ማኅበር እስከ 38 ኪሎ ሜትር መስፋፋቱን ገለጹ። ጉንዳኑ ለሳይንስ አዲስ አልነበረም፤ ጣሊያናዊው ካርሎ ኤመሪ እ.ኤ.አ. በ1897 ሰይሞታል። ከውጭም የመጣ አይመስልም። የአገሬው ተወላጅ ሆኖ የወራሪ ጠባይ ያሳየ ነው። ተመራማሪዎቹም ንግድና ጉዞ በተስፋፋ ቁጥር ከሰው ዕቃ ጋር ተጭኖ ሌላ አገር ሊገባ እንደሚችል አስጠነቀቁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። በጎረቤታችን ኬንያ፣ በላይኪፒያ፣ ይህ ተረት ሊባል ከሚችለው በላይ እውነት ሆኗል። ትልቅ ራስ ያለው ወራሪ ጉንዳን የግራር ዛፎችን ከዝሆን ይጠብቁ የነበሩትን ነባር ጉንዳኖች ፈጀ። ዝሆኖቹ ዛፎቹን ሰባበሩ፤ ሜዳው ተራቆተ፤ አድብቶ የሚያድነው አንበሳ መሸሸጊያ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት እንደሚለው አንበሶቹ የሚገድሉት የሜዳ አህያ ቀንሶ ወደ ጎሽ ዞረዋል። ጉንዳን የአንበሳን ማዕድ ለወጠ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ቅርሱ የቆመው በእንሰት ሥር ላይ ነው፤ ሥሩን ደግሞ ከዲላ አውራ ጎዳና ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ለዱቄት ለበሱ እስካሁን ከተመከሩት መፍትሔዎች ዋነኛው ንጹሕ ችግኝ መትከል ነው፤ ችግኙን በሙቅ ውሃ መንከርም ተሞክሯል። ይህን ለማድረግ ግን በመጀመሪያ ችግኙን ገልብጦ ሥሩን የሚመለከት ሰው ያስፈልጋል።

ገበሬው ከጎረቤቱ ችግኝ ሲቀበል፣ ነጋዴው ሲጭን፣ የግብርና ሠራተኛው ሲያከፋፍል፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ አፍታ የዚያን ቴክኒሻን ሥራ ቢሠሩ መንገደኛው መጓጓዣ ያጣ ነበር። ወደ ገብረ ጉንዳን የተላክነው ለካ ለዚህም ኖሯል።