ሽሮን ዋና ምግብ ማድረግ፡- ከእህል ለቀማ እስከ ድስት

ሽሮ በከተማ ቤቶች የመጨረሻ አማራጭ እየሆነ መጥቷል፡፡ ከሥራ ደክመን ስንገባና ሌላ ነገር ሳናገኝ በአሥር ደቂቃ እናደርሰዋለን፡፡ እንዲህ የተሠራ ሽሮ ግን ጥሬ ጥሬ ይሸታል፤ ሆድ ይነፋል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም ያስርባል፡፡ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሽሮ ሥራ የሚጀምረው ከምድጃው ሳይሆን ከእህል ለቀማው ነው፡፡ ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፡፡ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም ሌሎቹ አጽዋማት ሲደመሩ አንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፡፡ ዓመቱን በግማሽ የሚሸፍን ምግብ ደግሞ በግዴለሽነት ሊሠራ አይገባም፡፡

ከፍታው በድስቱ ላይ ያለው ተጽዕኖ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ፣ ከዚያም የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ድብ ባሕር የገባ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ብርዱንም ሙቀቱንም ያየዋል፡፡ ያው ለውጥ በድስት ውስጥም አለ፡፡ ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፡፡ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ጎንደር በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 2,800 ሜትር አካባቢ በምትገኘው ደባርቅ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል፡፡ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ድብ ባሕር ላይ የመፍያው ሙቀት መልሶ ከፍ ይላል፡፡ አዲስ አበባም ከጎንደር ከፍ ያለች ስለሆነች ጉዳዩ የመዲናዋን ነዋሪም ይመለከታል፡፡

ስለዚህ ደጋ ላይ ውኃው እየተንተከተከ እህሉ ግን ቶሎ አይበስልም፡፡ የአተር ክክ ሳይዘፈዘፍ ቢጣድ ማገዶ ይጨርሳል፡፡ ሽሮ ይህን ችግር ያቃልላል፡፡ እህሉ አስቀድሞ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ የምጣድ ሙቀት ደግሞ ከሚፈላ ውኃ እጅግ ይበልጣል፡፡ በመሆኑም በደንብ የታመሰ እህል ግማሹን ብስለት ያገኘው ገና ሳይፈጭ ነው፡፡ ካልታመሰ እህል የተፈጨ ዱቄት ግን ረጅም ጊዜ ቢንተከተክም ጥሬ ሽታው ቶሎ አይለቀውም፡፡

ዱቄቱ ከምን ተፈጨ?

ጥሩ ሽሮ ከአተር፣ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ይዘጋጃል፡፡ አተር ለስላሳና ቀለል ያለ ወጥ ይሰጣል፡፡ ሽምብራ ቶሎ ስለሚወፍር ለተጋቢኖ ይመረጣል፡፡ ባቄላ የራሱ ጠንከር ያለ ጣዕም አለው፡፡ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከጓያ ነው፡፡

ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ስለሚቋቋም ሌላው ሰብል ሲጠፋ ገበሬውን ያተርፈዋል፡፡ ሆኖም ኦዳፕ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር አለው፡፡ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም፡፡ ደምቢያና ፎገራ በሽታው በብዛት ከታየባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው፡፡ በወሎ ደላንታም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከድርቅ በኋላ በወረርሽኝ መልክ ተከስቷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አደጋው በአዘገጃጀት እንደሚለያይ አሳይቷል፡፡ በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ የተበላ ጓያ አደጋውን ጨምሯል፡፡ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር በወጥ መልክ ሲበላ ግን አደጋው ቀንሷል፡፡ ቀንሷል ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም፡፡

አንድ ቀን ጓያ ያለበት ሽሮ የበላ ሰው ሽባ አይሆንም፡፡ ችግሩ በየቀኑ ከአንድ ቦታ ዱቄት እየገዛ ለሚበላ ቤተሰብ ነው፡፡ እህሉ ሳይፈጭ በዓይን ይለያል፤ አተር ድቡልቡል ነው፣ ሽምብራ አፍንጫ አለው፣ ጓያ ደግሞ ጠፍጠፍ ብሎ ማዕዘናማ ነው፡፡ ከተፈጨ በኋላ ግን በዓይን መለየት ያስቸግራል፡፡ ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ዱቄት ሳይሆን እህል ይግዙ፡፡

የዱቄቱ አዘገጃጀት

እኔ ቤቴ የማስፈጨው 4 ኪሎ አተርና 1 ኪሎ ሽምብራ ቀላቅዬ ነው፡፡ ሁለቱም ይለቀማሉ፤ ከዚያም በመካከለኛ እሳት ለየብቻ ይታመሳሉ፡፡ ፍሬው ውስጡ ወርቃማ ሆኖ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት፤ ከጠቆረ ወጡ ይመርራል፡፡ ቀጥሎ ይከካል፤ ገለባውም ተበጥሮ ይወጣል፡፡

ለዚህ መጠን 1 ኪሎ ዛላ በርበሬ፣ ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ የደረቀ በሶብላ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮረሪማ፣ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ እጠቀማለሁ፡፡ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተወቅጠው በሚገባ መድረቅ አለባቸው፤ እርጥበት የቀረበት ሽሮ ይሻግታል፡፡ ጨው ዱቄቱ ውስጥ አልጨምርም፤ ድስቱ ላይ መቆጣጠር ይቀላል፡፡ የተፈጨው ዱቄት ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይከደንም፡፡

ለአራት ሰው የሚሆን ወጥ

የሚያስፈልጉት፡- 4 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ስኒ ምጥን ሽሮ፣ ሲሶ ስኒ ዘይት፣ 6 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 4 ስኒ የፈላ ውኃ፣ 2 ቃሪያ እና ጨው፡፡ ስኒ ያልኩት የሻይ ስኒን ነው፤ ቁም ነገሩ ሁሉንም በአንድ ዕቃ መለካት ነው፡፡ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ካገኙ የአገር ቤቱን ጣዕም ይሰጣል፡፡

1. ሽንኩርቱን አድቅቀው ከትፈው ያለ ዘይት በዝግተኛ እሳት ያቁላሉ፡፡ ሲደርቅ ጠብታ ውኃ ጣል እያደረጉ 15 ደቂቃ ያህል ያማስሉ፡፡ ሽንኩርቱ ሟሙቶ ቡናማ ካልሆነ አይቸኩሉ፤ የወጡ ጣፋጭነት ከዚህ ነው የሚገኘው፡፡
2. ዘይቱን ይጨምሩና 5 ደቂቃ ያቁላሉ፡፡ የተከተከተውን ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩ፡፡ ቀላ ያለ ወጥ የሚወድ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ በዚህ ጊዜ ጨምሮ፣ እንዳያር ውኃ እየነካካ ያቁላላ፡፡
3. የፈላውን ውኃ ይጨምሩ፡፡ ሲንተከተክ ሽሮውን በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው ሳያቋርጡ ያማስሉ፡፡ እንዳይጓጉል የሚሰጉ ከሆነ ዱቄቱን አስቀድመው በቀዝቃዛ ውኃ ይበጥብጡት፡፡
4. እሳቱን ቀንሰው ገርበብ አድርገው ይክደኑ፡፡ አዲስ አበባና ጎንደር ላይ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ ደባርቅን በመሰለ ከፍታ እስከ 40 ደቂቃ እየተንተከተከ ይቆይ፡፡ ከወፈረ የፈላ ውኃ እንጂ ቀዝቃዛ አይጨምሩ፡፡
5. ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍና ጥሬ ሽታው ሲጠፋ ጨውና የተሰነጠቀ ቃሪያ ጨምረው ያውጡት፡፡

ከምን ጋር ይቅረብ?

ሽሮ ብቻውን ምሉዕ ምግብ አይደለም፤ ከእንጀራ ጋር ግን ይሆናል፡፡ ጥራጥሬ በላይሲን የበለጸገ ሆኖ በሜቲዮኒን ያንሳል፤ ጤፍና ሌሎች የብርዕ እህሎች ደግሞ በሜቲዮኒን ይሻላሉ፡፡ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፡፡ በዚህ ላይ የአበሻ ጎመን፣ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ሎሚ ተጨምቆበት ቢቀርብ ማዕዱ ይሟላል፡፡ በቃሪያውና በሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ በጥራጥሬው ያለውን ብረት ሰውነታችን በተሻለ እንዲወስድ ያግዛል፡፡ በአንጻሩ ሻይና ቡና ይህን ስለሚቀንሱ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ሴቶች ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢያቆዩዋቸው ይመረጣል፡፡

የተረፈ ሽሮ በማግስቱ ይጠጥራል፤ የፈላ ውኃ ጠብ አድርገው በዝግታ ያሙቁት፡፡ ዱቄቱን ደግሞ በደረቅ ዕቃ ከድነው፣ እርጥብ ማንኪያ ሳያስገቡበት ያስቀምጡ፡፡ የሻገተ ሽሮ በእሳት አይድንም፤ መጣል አለበት፡፡