የሊትልሞር መነኮሳይት፤ መዝገቡና አጥንቱ

በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ ዳርቻ ሊትልሞር በሚባል ሥፍራ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተ አነስተኛ የሴቶች ገዳም ነበር። መነኮሳይቱ የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት ይከተሉ ነበር። ለብዙ ዘመን ሲወራ የኖረው ግን ጸሎታቸው ሳይሆን ነውራቸው ነው።

የወሬው ምንጭ መዝገብ ነው። በ1517 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሊንከን ጳጳስ ወደ ገዳሙ መርማሪ ላከ። እመምኔቷ ካትሪን ዌልስ ከአንድ ቄስ ልጅ ወልዳለች፣ ለልጂቱም መዳሪያ ብላ የገዳሙን ድስትና መጥበሻ ሳይቀር አውጥታለች ተብሎ ተጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ክስ መጣ፤ አንዲት መነኩሲት ከወንዶች ጋር ስትላፋ ተገኝታ እግሯ በግንድ ቢጠረቅ፣ ጓደኞቿ በር ሰብረው አወጧት፣ ግንዱን አቃጠሉት፣ በመስኮትም አመለጡ የሚል።

በ1525 ካርዲናል ቶማስ ዎልዚ ገዳሙን ዘጋው። ታዲያ ሀብቱ ወዴት ሄደ? እሱው ራሱ በዚያው ዓመት ኦክስፎርድ ላይ ላቋቋመው ኮሌጅ! ዛሬ ክራይስት ቸርች የሚባለው ነው።

ክሱ ሁሉ ፈጠራ ነው አንልም። ግን የሴቶቹን ቃል እንኳ የምናነበው በጳጳሱ ጸሐፊ ብዕር ነው። ከሳሹም ወራሹም የቤተ ክህነት ሹም ሲሆን፣ መዝገብን እየጠረጠሩ ማንበብ ግድ ይላል።

በ2014 በሥፍራው ሆቴል ሊሠራ ሲታቀድ፣ አርኪዮሎጂስቶች ቤተ ክርስቲያኑ የነበረበትን ቆፍረው የ92 ሰዎች አጽም አገኙ። 35ቱ ሴቶች፣ 28ቱ ወንዶች ናቸው፤ የቀሩትን መለየት አልተቻለም። ከቤተ ክርስቲያኑ መካከል፣ በድንጋይ ሣጥን፣ ዕድሜዋ ከ45 ያለፈ ሴት ተቀብራለች፤ እመምኔት ሳትሆን አትቀርም። አንዲት ሴት በግምባሯ ተደፍታ ተገኝታለች፤ ምናልባት ስለ ንስሐ ይሆናል። ሥጋ ደዌ የያዘው፣ ዳሌው ከልጅነቱ የተዛባም አለ። በሽተኛውም አካለ ስንኩሉም እዚያው ከእነሱ ጋር አርፏል።

አጥንት ክስን አያስተባብልም። ነገር ግን ያ ገዳም ከ300 ዓመት በላይ የኖረ ቤት ነው፤ ስሙ የጠፋው በሁለት ዓመት ክስ ነው። በመካከሉ የጸለየችውን፣ ያስታመመችውን፣ አርጅታ የሞተችውን መርማሪ አይጽፋትም፤ እሱ የተላከው ጉድለት ፍለጋ ነዋ!

እንግዲህ እኛም በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለን የቆየ መዝገብ ስንገልጥ፣ ማን ጻፈው ብለን ብቻ አንለፍ። ማን ወረሰበት ብለንም እንጠይቅ።