የጥቅምት ጓሮ በሐሙሲትና በደብረ ታቦር አካባቢ

በአገራችን የዘመን አከፋፈል መጸው የሚባለው ወራት ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ነው። ይህን ወራት ፈረንጆች ቅጠል የሚረግፍበት ከሚሉት ወራት ጋራ አንድ አድርጎ የሚተረጉም ሰው በቀን መቁጠሪያው አልተሳሳተም፤ በነገሩ ግን ይሳሳታል። እኔ ለትምህርት በቆየሁበት በሰሜን አውሮፓ፥ ጥቅምት ማለት አትክልተኛው መሣሪያውን አጥቦ ወደ ዕቃ ቤት የሚያገባበት ጊዜ ነው። በሐሙሲት ግን ጥቅምት የአበባና የእሸት ወር ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀኖች ዘመነ ጽጌ ብላ ትጠራቸዋለች።

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ስሟም የሐሙስን ገበያ ያስታውሳል። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው በሚጠጥርበት ጊዜ ጤፉ ገና በማሳ ላይ ቆሟል፤ የባላገሩ ጎተራ ግን ከሐምሌ ጀምሮ እየጎደለ መጥቷል። ያለፈው እህል ካለቀ በኋላ አዲሱ እስኪወቃ ድረስ ያለውን ጊዜ ቤተ ሰቡን የሚያሻግረው ጓሮው ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ጓሮ ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ።

ጓሮ በአብዛኛው የሴት ግዛት ነው። ባልየው በሬ ጠምዶ ማሳ ሲያርስ፥ ሚስት ምድጃዋን በጠረገች ቁጥር አመዱን፥ በረቱን በጠረገች ቁጥር ፍጉን ከቤቷ ጀርባ ታፈሳለች። ከዚህ የተነሣ የጓሮ አፈር ጥቁርና ልም ነው፤ ማሳ ሲያርፍ ጓሮ አያርፍም። ነገር ግን እበት ሁለት ጌቶች አሉት። የጥቅምት ፀሐይ ስትጠነክር እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፤ እንጨት በራቀበት ደጋ ወጥ የሚበስለው በኩበት ነውና። ስንቱ ለምድጃ፥ ስንቱ ለጎመን እንደሚሄድ የምትወስነው የቤቲቱ እመቤት ናት። በዩኒቨርሲቲ ስለ ኢኮኖሚ ከሰማኋቸው ትምህርቶች መካከል ከዚህ ውሳኔ ይበልጥ የረቀቀ ማግኘቴን እጠራጠራለሁ።

የወሩ ሥራ ብዙ ነው። ጎመን ከሥሩ አይነቀልም፤ የታችኛው ቅጠል እየተቀነጠሰ ጫፉ እንዲያድግ ይተዋል። በቆሎው ግማሹ በእሸትነቱ ተጠብሶ ይበላል፤ ለዘር የተመረጠው ራስ ከነልብሱ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፥ ጢሱ ነቀዝ እንዳያስገባው ነው። የቀላው በርበሬ በሰሌን ላይ ይሰጣል፤ ደመና በታየ ጊዜ ልጆች እየሮጡ ያነሡታል። ሌሊት ጃርት ድንቹን ይቆፍራል፥ ቀን ወፍ ይለቅማል። ወፍ መጠበቅ የልጆች ድርሻ ሲሆን፥ ወንጭፍና ትኩስ እሸት አንድ ላይ በተገኙበት ቦታ ሥራውን ከጨዋታው ለመለየት አይቻልም።

የዚህን ጓሮ ታሪክ ጽፈው የተዉልን ጥቂቶች ናቸው። የታሪክ መጻሕፍት ደብረ ታቦርን ሲያነሡ ስለ ራስ ጉግሣና ስለ ራስ ዓሊ ግቢ፥ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር፥ በጋፋት ስለ ተሠራው ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ይተርካሉ። ያን ሁሉ ሠራዊት የመገበው ባላገር ከቤቱ ጀርባ ምን እንደ ነበረው ግን አይነግሩንም። ስለዚህ ጓሮውን ራሱን እንደ ሰነድ ማንበብ ያስፈልጋል።

የአበሻ ጎመንና ጌሾ ነባሮች ናቸው። በቆሎ፥ በርበሬ፥ ዱባና ድንች ግን አራቱም የአሜሪካ ዘሮች ስለ ሆኑ፥ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት በእኛ ጓሮ ሊገኙ አይችሉም ነበር። በቆሎ በአንዳንድ ስፍራ «የባሕር ማሽላ» መባሉም የመጣበትን መንገድ ይጠቁማል። ወጥን ያለ በርበሬ ማሰብ ለሚቸግረው አንባቢ ነገሩ ይከብድ ይሆናል፤ ሆኖም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰዎች በርበሬን አያውቁትም ነበር።

ከአራቱ የመጨረሻው እንግዳ ድንች ነው። በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል። እንግዳው ወዲያው አልተወደደም፤ በደጋው ገበሬ ዘንድ የተስፋፋው በክፉ ቀን ጊዜ ነው። በፕሩስያ ንጉሡ ፍሬድሪክ 2ኛ በ1756 እ.ኤ.አ. ገበሬዎቹ ድንች እንዲተክሉ አዝዞ ነበር፤ የእኛን ደጋ ያስተማረው ግን ረኃብ ነው። ከ1881 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደስታ በሽታ የሚሉት የከብት ወረርሽኝ በሬውን ፈጀው (ስሙን ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደ ነበረ እንጃ)። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳውን ማረስ አልቻለም። ዐፄ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እንደ ሆኑ ተጽፏል።

ከዚህ ላይ የራሴን ግምት ላቅርብ። ዶማ ለጓሮ ባለቤት አዲስ መሣሪያ አልነበረም፤ ጓሮ በበሬ ሳይሆን በእጅ የሚቆፈር ነውና። ማሳው ጦም ባደረበት ዓመት በፍግ የደለበው፥ አንዲት ሴት ብቻዋን ልትቆፍረው የምትችለው ቁራሽ መሬት ሥራውን አላቋረጠም። ድንችም ለዚህ ተስማሚ ነበረ። ጎተራ የሚበረብር ወታደር ሲያልፍ እንኳ ከአፈር በታች ያለውን አንድ በአንድ ለማውጣት ጊዜ አይኖረውም። ስለ ክፉ ቀን ስንጽፍ የሞተውንና የተሰደደውን እንቈጥራለን፤ የተረፈው በምን እንደ ተረፈ የምንጠይቅ ከሆነ ግን ከቤቱ ጀርባ መዞር ይኖርብናል። ዛሬ በጉና ተራራ ዙሪያ ያሉት የፋርጣና የጋይንት ደጋዎች በድንች የታወቁ ናቸው።

ባለፈው ጥቅምት በሐሙሲት አጠገብ ከአንዲት ባልቴት ጓሮ ገብቼ ነበር። ድንች ሲያወጡ ትንንሾቹን መልሰው አፈር ያለብሷቸዋል። «እናቴ፥ እነዚህን ለምን ይተዋሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የከርሞ ናቸው ልጄ» አሉኝ። ከምድጃቸው በላይ በጨርቅ የተቋጠረ የጎመን ዘር ተሰቅሎ አየሁ። ከአማታቸው እንደ ተቀበሉት ነገሩኝ፤ አማታቸው ከማን እንደ ተቀበሉት ግን አያውቁም። ለመመዝገብ ብዬ የዘሩን ስም ብጠይቃቸው፥ በመገረም አይተውኝ ጎመን ነው አሉኝ።