ባለ አንድ ሞለኪውል ትራንዚስተር
ሲሊከን፣ ሲሊከን ኦክሳይድ፣ ወርቅ፣ ኮባልት የያዘ ሞለኪውል
በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው ዓይነት

ዋናውን ነገር በዓይን አያዩትም፤ አጉሊ መነጽርም አይረዳም። ቺፑ ላይ ያለው ቀጭን የወርቅ መስመር መሐሉ ላይ ተበጥሷል። የበጠሰው ራሱ ኤሌክትሪኩ ነው፦ ኃይለኛ ጅረት የወርቅ አቶሞችን ከቦታቸው እየገፋ ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር ገደማ የሚሆን ክፍተት ይተዋል። ዕድል ከቀና አንድ ሞለኪውል እዚያ ገብቶ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል። ብዙውን ጊዜ አይቀናም።

በተራ የመዳብ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሮኖች መገፋፋት ጎልቶ አይታይም። ሞለኪውል ግን ጠባብ ነው። አንድ ተሳፋሪ ብቻ እንደሚጭን ሞተር ሳይክል፣ የመጀመሪያው ኤሌክትሮን ሳይወርድ ሁለተኛው አይሳፈርም፤ ጅረቱም ይቆማል። ይህ የኩሎምብ እገዳ ይባላል። ወደ ቺፑ ሥር የሚሰጠውን ቮልቴጅ በመቀየር እገዳውን ማንሳትና መመለስ ይቻላል፤ ትራንዚስተር ያሰኘውም ይኸው ነው።

አስገራሚው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ኮባልቱን ከወርቁ ጋር የሚያያይዘው የካርቦን ሰንሰለት ሲያጥር ትስስሩ ይጠነክራል። ያኔ የወርቁ ኤሌክትሮኖች ከኮባልቱ ስፒን (ማግኔታዊ ባሕርይ) ጋር ተጣምረው፣ ይዘጋል የተባለውን መንገድ ይከፍታሉ። የዚህን ክስተት መነሻ ጃፓናዊው ጁን ኮንዶ በ1964 አስረድቶ ነበር። እርሱ ባጠናቸው፣ ጥቂት ማግኔታዊ አቶሞች በተቀላቀሉባቸው ብረቶች ውስጥ፣ ይኸው መስተጋብር ጅረትን ያደናቅፋል፤ እዚህ ያሳልፋል።

ይህን ለማየት መሣሪያው በፈሳሽ ሂሊየም መቀዝቀዝ አለበት።