ያልመጡት ሞተሮች

የዶቅዶቄ ድምፅ ከዳገቱ ሥር ከተሰማ ደጎሎ ላይ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም። ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሞተሩ ገና ዳገቱን እየቧጠጠ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የወሬ ጊዜ ነው። አንዱ «ይሄ ሁለት ሲሊንደር ነው፣ ድምፁ ይለያል» ይላል። ሌላው «አራት ነው እንጂ! አጎቴ ደሴ ላይ አይቶታል» ይላል። በመጨረሻ ጭቃ ለብሳ ብቅ የምትለው ያችው የምናውቃት፣ አንድ ሲሊንደር ያላት፣ ከኋላዋ የብረት ዕቃ መጫኛ ያላት የመሥሪያ ቤት ያማሃ ናት። ማንም አይከፋም። «አራቱ ሲሊንደር በሚቀጥለው ይመጣል» ተባብለን እንበተናለን።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ በቀደም ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። አንድ ጓደኛችን የድሮ የሞተር ሳይክል ሥዕሎች ይሰበስባል። ሥዕሎቹን አልጋው ላይ ዘርግቶ እንደ ሟች ዘመድ ፎቶግራፍ እያየ ይተክዛል። «ይሄ ሁሉ ሲወጣ እኛ የት ነበርን? እኛ አገር እኮ የሚደርስ ነገር የለም» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ ልክ አልመሰለኝም። ከምንቆጭባቸው ሞተሮች ብዙዎቹ እኛ ዘንድ ብቻ ሳይሆን የትም አልደረሱም። የደረሱልንን ደግሞ ታሪክ ናቸው ብለን አልቆጠርናቸውም።

እስቲ ከቶኪዮ እንጀምር። ሆንዳ ሲቢ 750 የተባለውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1968 መገባደጃ በቶኪዮ ትርኢት ላይ ሲያሳይ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ደነገጡ። ጎን ለጎን የተሰለፉ አራት ሲሊንደሮች፣ የፊት ዲስክ ፍሬን፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥ። ካዋሳኪ በዚያው ጊዜ የራሱን ባለ አራት ሲሊንደር 750 በምስጢር እያዘጋጀ ነበር፤ ተቀደመ። ሥራውን እንደገና ጀምሮ ሞተሩን ወደ 903 ሲ.ሲ. አሳደገና እ.ኤ.አ. በ1972 ዜድ 1 ብሎ አወጣው። የምስጢር ስሙ «ኒውዮርክ ስቴክ» ነበር። መሐንዲሶቹ ርቧቸው ነበር መሰለኝ።

ያማሃም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ጂኤል 750 የተባለ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት አራት ሲሊንደር ሞተር አሳየ። በዓመቱ ደግሞ አርዜድ 201ን አመጣ። ይሄኛውማ ፒስተን የሚባል ነገር የለውም፤ በውስጡ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው የሚያንቀሳቅሰው። ሕዝቡ ተጋፍቶ አየ፣ ጋዜጠኛው ጻፈ፣ ገዢው ገንዘቡን ማጠራቀም ጀመረ። ሁለቱም ለሽያጭ አልቀረቡም። ካዋሳኪ «ታርታር ስቴክ» እያለ ያዘጋጀው ባለ ሁለት ምት 750ም ከፋብሪካው ደጅ ሳይወጣ ቀረ። ሱዙኪ ብቻ ደፍሮ አርኢ 5 የተባለውን የሚሽከረከር ሞተር እ.ኤ.አ. በ1974 ሸጠ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እሱንም ተወው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 መገባደጃ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ አሜሪካም በጭስ ላይ ሕግ አጠበቀች። ነዳጅ እንደ ውኃ የሚጠጣ፣ እንደ ማድቤት የሚጨስ ሞተር ማን ይገዛል?

እንግዲህ ጓደኛዬ የሚተክዝለት ጂኤል 750 ቶኪዮም ውስጥ ወሬ ነበር። ደጎሎና ቶኪዮ በዚህ አንድ ናቸው። በሌላ በኩል ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣት ሱፐር ካብ አለች፤ ትንሽ፣ ትሑት፣ ማንም ሥዕሏን ግድግዳ ላይ የማይለጥፍላት። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ 100 ሚሊዮን ተሠርታለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ብረት መጠበቅ ለእኛ ደጋ አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ነው። ሞተር አይደለም፤ ነገር ግን መንኮራኩር ነበረው፣ መንገድም ፈልጓል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየወረደና እየወጣ፣ ሰው እየጎተተው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1860 ዓ.ም. አምባው ላይ ደረሰ። ደረሰ፤ ግን ጦርነቱን አልቀየረውም። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ። ወሬው ከብረቱ የበለጠ ተጉዟል።

ከዚያ በኋላ መኪና ወደ አገሩ ሲገባ በሌላ በር ነው የገባው። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራውን «የሰርኪስ ባቡር» ለአፄ ምኒልክ አመጣ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ተከትሎትም ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ፣ አውቶሞቢል እየነዱ አዲስ አበባ ደረሱ። ይህ ሁሉ በምሥራቅ በኩል ነው፤ ወደ ምዕራብ ወሎ የመጣው ዜናው ብቻ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ1928ቱ ነው። ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,700 የሚበልጡ መኪናዎች ነበሩት። መኪናዎቹን በጣርማ በር መንገድ ሰደዳቸው። በእኛ በኩል፣ በወረኢሉ መንገድ፣ የላከው በእግር የሚሄዱ የኤርትራ ወታደሮችን ነው። መኪናዎቹ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ሲጠብቃቸው ቆመው ሲጠገን ዋሉ፣ አደሩም። እግረኛው በበኩሉ የወረኢሉን ደጋ አቋርጦ ሳይዘገይ ከከተማው አጠገብ ደረሰ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ይህን የማነሣው ለኩራት አይደለም፤ የሚያኮራም ነገር የለበትም። መንገዱ ምን እንደሚያሳልፍና ምን እንደማያሳልፍ ያን ጊዜም ይታወቅ እንደነበረ ለማሳየት ነው። በኋላ ጣሊያን ጣርማ በርን በዋሻ ሲበሳው አስፋልቱና ሞቶ ጉዚው በምሥራቁ መስመር፣ በኮምቦልቻ በኩል ቀሩ። ደጎሎ፣ ከላላ፣ መካነ ሰላም ከመስመሩ ወጡ።

የቶኪዮው ትርኢት ዘመን እኛ ዘንድ ምን ዘመን ነበር? አርዜድ 201 በመብራት ተከቦ በቆመበት በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ዝናብ ከድቶ ሰው ከቀዬው እየተነሣ መንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። ያን ጊዜ ያልደረሰው ሞተር አልነበረም፤ እህል ነበር። የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ረኀቡን በፎቶግራፍ ሲያጋልጡ ቤተ መንግሥቱ ዝም አለ። እነዚያን የጃፓን ሞተሮች ገበያ ያስቀረው የነዳጅ ዋጋ ደግሞ በ1966 ዓ.ም. የካቲት የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች አድማ አስመታ፤ ያ አድማ የት እንዳደረሰን ሁላችንም እናውቃለን። በአንድ የነዳጅ ዋጋ ቶኪዮ ላይ ሞተር ቀረ፣ እዚህ ዘውድ ወደቀ። ጓደኛዬ ሥዕሎቹን ሲያገላብጥ ይሄ አይታየውም።

አሁን ወደ ደረሰችው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያማሃ ኤጂ 100 የምትባል ሞተር አወጣ። ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ከብት ጠባቂዎች የታሰበች ናት። ለእሷ መብራትና ሙዚቃ ያለው ትርኢት የተደረገላት አይመስለኝም። ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይገባው በቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ ፊቷም ኋላዋም ዕቃ መጫኛ አለው፤ መሬቱ ወደየትም ቢያጋድል እንድትቆም መደገፊያዋ በግራም በቀኝም ነው። አፍሪካ ውስጥ የእርሻና የጤና ሠራተኛ የተሸከመች እሷ ናት፤ እሷና ዘመዷ ዲቲ።

ጃማን የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። መሬቱ ዋልካ ነው። በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ ክረምት ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። መንገድ ላይ ለሚሮጥ የተሠራ ሞተር የጭቃ መከላከያው ጎማውን ታኮ የተቀመጠ ነው፤ ዋልካው በመካከሉ ይገባና ይጠቀጠቃል፤ ጎማው አልዞርም ይላል። ነጂው ወርዶ በእንጨት ይፈለፍላል፣ አሥር እርምጃ ሄዶ እንደገና ይፈለፍላል። የዲቲ የጭቃ መከላከያ ከመብራቱ ሥር ከፍ ብሎ የተሰቀለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ነዳጁ ይበዛና ሞተሩ ያፍናል፣ ጉልበቱም ሩብ ያህል ይቀንሳል። ያ ሁሉ የተወራለት ባለ አራት ሲሊንደር ደጎሎ ቢመጣ ኖሮ ሐምሌ ላይ የሚያወጣው አራት በሬ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የመሥሪያ ቤቷ ያማሃ ብርቅ መሆኗ ቀርቷል። በየትናንሽ ከተሞቹ የሕንዱ ቦክሰር አለ፤ ወጣቱ ተበድሮ ይገዛዋል፣ ሰው አሳፍሮ ዕዳውን ይከፍላል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተሮችን ስታግድ የገጠሩ ወጣት ብዙም አልደነገጠም፤ የእሱ መንገድ ሌላ ነው። አዲሱ ወሬ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ «ነዳጅ የማይጠጣ ሊመጣ ነው» የማይል የለም። አዲስ አበባ ላይ መታየት ጀምሯል። ዋልካውን ይወጣዋል ወይ የሚለውን ሐምሌ ይመልሰዋል።

ድሮ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትወርደው፤ ስምንት ሰው እየተፈራረቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ። አሁን ነጂው ፊት፣ እሷ መሃል፣ እንዳትወድቅ ከኋላ አቅፎ የያዛት ወንድሟ፤ ሦስት ሰው በአንድ መቶ ሲ.ሲ. ላይ። የትራፊክ ሕግ ይቃወማል። ሌሊት ላይ ዳገቱ ጫፍ ሆኖ ድምፁን የሚያዳምጠው ቤተሰብ ግን ስለ ሲሊንደር ቁጥር አይከራከርም፤ ድምፁ እንዳይቋረጥ ብቻ ነው የሚጸልየው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደ ጓደኛዬ ሄጄ ከስብስቡ ውስጥ የኤጂ 100 ሥዕል እንዳለው ጠየቅሁት። ካርቶኑን ሙሉ ፈተሸ። የለም።

«እሷን ደግሞ ማን ፎቶ ያነሣታል?» አለኝ።